ከፈረስ ግንባር ላይ የተፈታው አርማ

...አርማው ከግንባሩ ላይ ሲፈታለት ፈረሱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ቆመ። ይህን በደንብ አስታውሳለሁ። ሰዓቱን ግን... ጠዋት መሆን አለበት። የጋራዡ ግቢ ሣር ገና በውርጭ ነጭ ነበር።

ዳንግላ ነው፤ በሃምሳዎቹ ማለቂያ ላይ። ጣሊያን ሲወጣ አገሩ ያልተመለሰ አንድ መካኒክ ነበር፤ ሙሴ ብሩኖ እንለው ነበር። እኔ የጋራዡ ዕቃ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ሁለት ልጆች ወልጃለሁ። የላቲን ፊደል ማንበቤ ያኮራኝ ነበር።

ያኔ በጣሊያን ጊዜ የገቡት የጭነት መኪኖች ገና መንገድ ላይ ነበሩ፤ መለዋወጫቸው ግን ከየትም አይመጣም። ስለዚህ ሰው ከቆሰበርም ከጫግኒም ያገኘውን ብረት ተሸክሞ ይመጣል። ማረሻ ከመሆን የተረፈ ባሌስትራ... ዶሮ ውሃ ስትጠጣበት የኖረች የመብራት ሽፋን... ሙሴ በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ያዳምጣል፣ ጠርዙን በሞረድ ይፍቃል፣ ያሸታል። ከዚያ የየትኛው መኪና እንደሆነና ስንት እንደሚያወጣ ይናገራል። ሲሳሳት አላየሁም።

አያ ፈንታሁን የሚባሉ ፈረሰኛ ግን ሊሸጡ አልመጡም። አርባ አምስት ዓመት ቢሆናቸው ነው። ከጥርባ በኩል በፈረስ ተነሥተው፣ መንገድ ላይ አድረው ነው የደረሱት። የያዙት መዳፍ የሚያህል ክብ የነሐስ አርማ ነው፤ መኪና አፍንጫ ላይ የሚለጠፈው ዓይነት። አባታቸው በአርበኝነት ዘመን ከጣሊያን መኪና ላይ ነቅለው አመጡት ይባላል። እስኪሞቱ ድረስ ፈረሳቸው ግንባር ላይ አስረውት ኖሩ፤ ከዚያ ልጅየው ወረሱት። በየዓመቱ ጥር ጊዮርጊስ ፈረሰኛው ሲሰለፍ፣ ያ አርማ ያለበት ፈረስ ከፊት ይቆማል።

«የዛሬ ሳምንት የአጎቴ ልጅ ምን አለኝ መሰለህ?» አሉኝ። «‹አባትህ ከጫግኒ ገበያ በጨው የገዛው ነው› አለኝ። የፈረሰኛው ማኅበርተኛ ሁሉ እየሰማ... በቅሎ ላይ ተቀምጦ።»

«በቅሎ ላይ?»

«ፈረስ መች ይችልና።»

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ሽማግሌዎቹም ብረት የሚያውቅ ሰው ወረቀት ይስጠው፣ ካልሰጠው ፈንታሁን ከእንግዲህ ከኋላ ይሰለፍ ብለው ወሰኑ። በዓሉ ከነገ ወዲያ ነው። ብረት የሚያውቅ ሰው ደግሞ በአካባቢው አንድ ብቻ ነው... ጣሊያኑ።

የሚያስቅ ነገር ነበር። ከጣሊያን የተማረከ ለመሆኑ ጣሊያን ሊመሰክር። ማንም ግን አልሳቀም።

ሙሴ አርማውን «አጽዳው» ብሎ ሰጠኝ። ጀርባው ላይ የሃያ ምናምን ዓመት የፈረስ ላብ ደርቋል። በነጭ ጋዝ አሸሁት። እስከ ዛሬ ነጭ ጋዝ ሲሸተኝ የዚያ ፈረስ ላብ አብሮ ይሸተኛል።

ትንንሽ ፊደሎች ብቅ አሉ። አነበብኩ። እንደገና አነበብኩ። «እንግሊዝ አገር የተሠራ» ይላል።

እንግሊዞች በዚህ መንገድ ያለፉት ጃንሆይ ከስደት ሲመለሱ፣ አብረው ነው። ወዳጅ ነበሩ። እንግዲህ ወይ አባትየው ከወዳጅ መኪና ላይ ነቅለዋል... ወይ የአጎት ልጅ እውነቱን ነው።

አያ ፈንታሁን በሩ ጋ ቆመው ያዩኛል። ፊቴን አይደለም፤ እጄን ነው የሚያዩት። ቶሎ ብዬ አርማውን ገለበጥኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ፊደሉን እሳቸው ማንበብ አይችሉም ነበር።

ሙሴ ተቀበለኝ። አርማውን መልሶ በጀርባው ገለበጠና አውራ ጣቱን በፊደሎቹ ላይ ቀስ አድርጎ አስኬደው። በመዶሻ አልመታውም። አላሸተተውም።

«አንቺ ሰውዬ፣ አባትሽ የት ነው ያገኘው?» አለ። በሙሴ አማርኛ ወንድና ሴት ሁሌም እንደተደባለቁ ነው።

«ከቆሰበር በላይ፣ መታጠፊያው ላይ። መኪናው ተገልብጦ ነበር አሉ።»

«ሹፌሩስ?»

«ሹፌሩን አባቴ ቀበረው። ልጅ እግር ነበር ይል ነበር። ይህን ግን... ለሰው አያወራም ነበር።»

ሙሴ አርማውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ጻፍ» አለኝ። «የጣሊያን መኪና ነው።»

«ሙሴ፣ ጀርባው ላይ...»

«ጻፍ።»

ጻፍኩ። በራሴ የእጅ ጽሕፈት፣ ከታች የጋራዡ ማኅተም።

«ዋጋውንም ጨምሩልኝ» አሉ አያ ፈንታሁን። «ያ ሰውዬ አንድ አሞሌ አያወጣም ብሏልና።»

ሙሴ ወደ መስኮቱ ዞሮ ቆየ። ፈረሱ ውጭ ሣር ይግጣል።

«አንድ መኪና» አለ። «ከነሹፌሩ። እንደዚያ ብለህ ጻፍ።»

ይህንንም ጻፍኩ። የማውቀው ዋጋ ሁሉ በብር ነበር፤ እንዲህ ያለ ዋጋ ስጽፍ ያ የመጀመሪያዬ ነው። የመጨረሻዬም ሆነ።

አያ ፈንታሁን ወረቀቱን አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱ። እስከ ፈረሱ ድረስ ሸኘኋቸው። አርማውን ግንባሩ ላይ መልሰው ሲያስሩ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ ጠየቁኝ።

«አንተ ፊደሉን አይተኸዋል። እውነት ነው?»

«ሙሴ ተሳስቶ አያውቅም» አልኳቸው።

ይህ እንኳ እውነት ነበር።

ኮቴው እስኪጠፋ ግቢው ውስጥ ቆየሁ። ስመለስ ሙሴ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፤ ያልቆሸሸ እጁን።

«እንግሊዝ ነው እኮ የሚለው።»

«አንብቤዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«አባቱ ሹፌሩን ቀብሮታል» አለ። ጨርቁን አጣጥፎ አስቀመጠ። ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ። ቀኑን ሙሉ በፒስቶን ተደግፎ ክፍት የሚውለው በር... ቀስ ብሎ ተዘጋ።