የጎረቤት ሀገር መዝሙር

በማዘጋጃ ቤቱ ማርሽ ባንድ ውስጥ ትራምፔት የሚነፋውን ሰውዬ በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ሁሉም ሳንባ ነው የሚለው። እሱ አንዴ የሳበውን ትንፋሽ ሳይጨርስ ሌላው ሰው ሁለት ሦስቴ ይተነፍሳል ተብሎ የወጣለት ስም ነው። ገና በጎረምሳነቱ ወታደር ቤት ገብቶ መንፋት ተማረ፤ ጡረታ ሲወጣ ማዘጋጃ ቤቱ ወሰደው። ምረቃ ላይ ይነፋል፣ ሰርግ ላይም ይነፋል፤ የሀገሩን መዝሙር የሚነፋ ቀን ግን ሌላ ሰው ይሆናል። የደንብ ልብሱን ራሱ ይተኩሳል እንጂ ሚስቱን አያስነካም።

"እኔን ልታገባ የመጣህ ቀን እንኳ እንዲህ አልተኮስክም" ትለዋለች።

"አንቺ መቼ ሰልፍ ይዘሽ ጠበቅሽኝ?" ይላታል።

ሰልፉ ላይ ከጎኑ የማይጠፋው ከበሮ መቺው ነበር። አብረው ወታደር ሆኑ፣ አብረው ጡረታ ወጡ፣ አንድ ግድግዳ የሚጋራ ቤት ተከራዩ። ሳንባና ሚስቱ ልጅ አልወለዱም። የከበሮ መቺው አንድ ልጅ ግን በሁለቱም ቤት አደገ፤ የትኛው ቤት ወጥ እንደጣፈጠ አሽትቶ ለይቶ ነበር የሚገባው። ሳንባን "አጎቴ" ይለዋል።

በዚህ መሀል የድንበሩ ነገር መጣ። ወንዙ ዳር ያለው የግጦሽ ሜዳ የማነው በሚል ሁለቱ ጎረቤት መንግሥታት ሲጨቃጨቁ ዓመታት አልፈዋል። በዚያ ዓመት ግን የማዶዎቹ ወታደሮች ተሻግረው አንድ መንደር አቃጠሉ። የከበሮ መቺው እህት ቤት ነደደ፤ ባሏም እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮኑ ከጧት እስከ ማታ ክርክር ሆነ። ገሚሱ አስታራቂ ይግባ ይላል፣ ገሚሱ ክንዳችንን እናሳያቸው ይላል። ክርክሩ የባንዱ መለማመጃ ክፍል ድረስ ገባና ሰው የሙዚቃ መሣሪያውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ መጯጯህ ጀመረ።

"ሀገሩን የሚወድ ሰው ዛሬ ዝም አይልም!" አለ ከበሮ መቺው።

"ዝም እንበል መች አልኩ?" አለ ሳንባ። "ያቃጠሉትን አሳልፈው ይስጡ፣ ካሣ ይክፈሉ፣ ሦስተኛ ወገን ይዳኘን ነው ያልኩት።"

"ያልተነካ ግልግል ያውቃል!"

ሳንባ የትራምፔቱን አፍ በመሐረብ ይጠርግ ጀመር። የወዳጁ እህት አመድ በአመድ በሆነ ቀሚሷ ከመኪና ስትወርድ በዓይኑ አይቷታል። እዚያው ላይ ቢተወው ጥሩ ነበር። ግን ከበሮ መቺው ቀጠለና "እነዚያ ሰዎች ድሮም ሰው አይደሉም" አለ።

"ይቺን እንኳ አልቀበልህም" አለ ሳንባ። "ሀገሬን ለመውደድ ሌላውን መናቅ አለብኝ እንዴ? አንተ ሚስትህን የምትወዳት የኔን እየሰደብክ ነው?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከበሮ መቺው ግን አልሳቀም። "ሚስትህ ቤቴን አቃጥላው ቢሆን ኖሮ እሰድባት ነበር" አለ።

ቀደም ብሎ ቀን የተቆረጠለት የኳስ ግጥሚያ ነበር፤ ከማዶዎቹ ብሔራዊ ቡድን ጋር። ይቀራል ሲባል ሳይቀር ቀኑ ደረሰ። የባንዱ መሪ ሳንባን ለብቻው ጠራው።

"የነሱን መዝሙር ስንጫወት ትንሽ ይበላሽ ተብሏል። ዜማውን የምትይዘው አንተ ነህ፤ እዚህም እዚያም ሰበር ሰበር አድርጋት።"

"ማነው ያለው?"

"ከላይ ነው።"

"ጌታዬ፣ እኔ አላበላሽም። ሌላ ሰው ይንፋ።"

"ሌላ ሰው ከየት ላምጣ?" አለ መሪው፤ ትቶት ሄደ።

ስታዲየሙ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። የእንግዶቹ መዝሙር ሲጀመር ፉጨቱ ከአራቱም ማዕዘን ተነሣ። ሳንባ ከፊቱ የተሰለፉትን ልጆች አየ፤ በረኛቸው ዓይኑን ጨፍኗል። ከበሮ መቺው ዱላዎቹን ብብቱ ሥር ከተተ። እሱን አይቶ ሌላው አቆመ፤ ቀጥሎ ሌላው። ሳንባ ብቻውን እስከ መጨረሻው ነፋው። በኋላ ሲናገር ጀግንነት አልነበረም፣ የማስበው ትንፋሼን ብቻ ነው ይል ነበር። ቀጥሎ የራሱን ሀገር መዝሙር ነፋ፤ በዕድሜው ሙሉ እንደዚያን ቀን አምሮለት አያውቅም። ያንን ግን ማንም አላነሣለትም። ባንዱ ሊወጣ በመቀመጫዎቹ መሀል ባለው መተላለፊያ ሲያልፍ ከላይ ጠርሙስ መጣና አፉን አገኘው።

በታክሲ ወደ ክሊኒክ የወሰደው የከበሮ መቺው ልጅ ነበር።

"አጎቴ፣ ምን ነበረበት ትንሽ ብታበላሸው?"

ሳንባ በደም የራሰውን ፎጣ ከአፉ አነሣ። "ትራምፔቱ የኛ ነዋ! በሀገሬ ትራምፔት ቆሻሻ ድምፅ ይውጣ?"

ልጁ ሳቀ፤ ወዲያው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ከንፈሩ ተሰፋ፤ ቁስሉ ዳነ። የላይኛው ከንፈሩ ግን እንደደነዘዘ ቀረ፤ ሲነፋ አየሩ በጎን ያመልጠዋል። ማዘጋጃ ቤቱ አሰናበተው። በየሻይ ቤቱ "የጠላት ጡሩምባ" አሉት። ሚስቱ ዳቦ ልትገዛ ስትሰለፍ ከኋላዋ ያሉት ቀድመዋት ይስተናገዳሉ። ከግድግዳው ወዲያ ከበሮ መቺው ሲያስል ይሰማል፤ ሰላምታ ግን የለም።

ጦርነቱ ተጀመረ። ልጁ ተመዝግቦ ሊሰናበት መጣ።

"አባቴ ኮርቷል" አለ።

"አንተስ?"

"እኔማ ፈርቻለሁ፣ አጎቴ። ግን ጓደኞቼ ሁሉ ሄደው እንዴት ልቅር?"

ሳንባ አፉ ላይ የደረሰውን አትሂድ የሚል ቃል ዋጠው። እሱ ራሱ ወታደር ነበር፤ ምን አፍ አለው? "ካልሲህን እርጥብ አታድርግ፣ እግርህ እንዳይላላጥ" ብቻ አለው። ያቺን ብቻ ብሎ በመሸኘቱ ሲቆጨው ኖረ።

የልጁ አስከሬን በመጣ ዕለት ከበሮ መቺው የሳንባን በር አንኳኳ። ዕድሜው በአንድ ጊዜ ላዩ ላይ ወድቆበት ነበር።

"ቀብሩ ላይ ንፋለት" አለ። "ያንተን ነው የሚወደው። ሌላ ሰው አልፈልግም።"

ሳንባ ትራምፔቱን ከሣጥኑ አወጣ፤ ከንፈሩ ላይ ገጥሞ ሳበና ነፋ። እፍ የሚል አየርና ምራቅ ብቻ ወጣ። ደግሞ ሞከረ። ከበሮ መቺው እጁን ይዞ አስቆመው፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለ።

"መጀመሪያ ያቆምኩት እኔ ነኝ" አለ። "እኔን አይተው ነው ሁሉም ያቆሙት።"

"አውቃለሁ" አለ ሳንባ። ከጎኑ ተቀመጠ።

ቀብሩ ላይ የስንብቱ ጡሩምባ ከወታደር መኪና በድምፅ ማጉያ ተለቀቀ፤ መሀል ላይ እየተቆራረጠ። ሳንባ የወዳጁን ክንድ ይዞ ቆመ።

ጦርነቱ ዓመት አልፎት በስምምነት አለቀ። ሦስተኛ ወገን ገብቶ ሜዳውን ለሁለት ከፈለው። ዜናውን ሁለቱ ሽማግሎች አብረው ሰሙት። ከበሮ መቺው ሬዲዮኑን ዘጋ።

"ልጄ በከንቱ ነው የሞተው?" አለ። "አንተ አትዋሸኝም። ንገረኝ።"

ሦስተኛ ወገን ይዳኘን ብሎ የተከራከረው ሳንባ ራሱ ነበር። የወዳጁን ፊት አየ።

"ለሀገሩ ነው የሞተው" አለ።

ከበሮ መቺው ራሱን ነቀነቀ፤ ጥቂት ቀለል ያለው መሰለ። እሱ እንደሄደ የሳንባ ሚስት ከጓዳ ወጥታ "የምርህን ነው?" አለችው። ሳንባ ሊመልስላት ፈለገ፤ ቃሉን ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው። እስካሁንም አላገኘውም።