ፊንላንድ የሄደችው የመቻራ ልጅ

የወጣቶች ልውውጥ ፕሮግራሞችን የሚደግፍ አንድ ኤጀንሲ ባለሙያ ከአዲስ አበባ ጭሮ ድረስ ልኮልን ነበር። ወጣት ሴት ናት። በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ቆማ ነገሩን ቀለል አድርጋ አስረዳች፤ አራት ተማሪዎችና አንድ አስተማሪ በክረምቱ ፊንላንድ ይሄዳሉ፣ እዚያ ከሌሎች አገሮች ወጣቶች ጋር አጭር ትያትር ይሠራሉ፣ በኋላ ደግሞ እነዚያ ወጣቶች በተራቸው ወደ እኛ ይመጣሉ።

እኔ ከጎን ቆሜ የምትለውን ሁሉ በምልክት ቋንቋ ለተማሪዎቼ አስተላልፍ ነበር። መስማት የተሳናቸው ልጆች አስተማሪ ነኝ። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ ጭሮ የመጣሁት ተመድቤ ሲሆን፣ እነዚያ ልጆች ናቸው እንድቀር ያደረጉኝ።

ከእነሱ አንዷ እጇን አወጣች። የመቻራ ልጅ ናት፤ ጭሮ አክስቷ ቤት ሆና አሥረኛ ክፍል ትማራለች።

«እኛንም ይመለከታል?» አለች በምልክት።

ጮክ ብዬ ተረጎምኩላት። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አያት። ባለሙያዋ ትንሽ አሰብ አደረገችና «ለምን አይመለከትም?» አለች።

ርዕሰ መምህራችን ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ከስብሰባው በኋላ ጠሩኝ።

«እንግሊዝኛው የሚቀላቸውን ልጆች ብንልክ አይሻልም? ቃለ መጠይቁ እኮ በኢንተርኔት ነው። እሷ በምን ትሰማለች?»

«በዓይኗ» አልኳቸው።

ሳቅ አሉና «እሺ፣ ትሞክር» አሉኝ።

የቃለ መጠይቁ ቀን ኤጀንሲው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ አዲስ አበባ ላይ አስቀምጦ ጠበቀን። ተማሪዎቹ ተራ በተራ ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣሉ። ሁለተኛው ልጅ ግማሽ ላይ ሲደርስ ድምፁ ጠፋ። ገመድ ነቅለን ሰካን፣ አጥፍተን አበራን፤ ወይ ፍንክች! ምስሉ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ድምፅ ግን የለም። ሁሉም ተስፋ ቆርጦ ሲነሳ የመቻራዋ ልጅ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። እሷ ድምፅ ምን ያደርግላታል? ከአስተርጓሚው ጋር እጅ ለእጅ ወሬውን አጧጧፈችው። ስለ ትምህርቷ፣ ስለ መቻራ፣ መሥራት ስለምትፈልገው ትያትር ተናገረች። አንድ ቦታ ላይ አዲስ አበባ ያሉት ሰዎች በሙሉ ሲስቁ አየን። የሌሎቹ ለሌላ ቀን ተላለፈ፤ የእሷ ግን በዚያው አለቀ። ውጤቱ ሲመጣ አልፋለች።

የቀረው አባቷ ነበሩ። ሁሉም ሐጂ የሚሏቸው፣ መቻራ ላይ የተከበሩ የቡና ገበሬ ናቸው። በስልክ «አይሆንም» ብለው ጨርሰውታል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷን ይዤ በሚኒባስ ወረድን። መንገዱ አጥንት ይለያያል። ስንደርስ ሐጂ በአክብሮት ተቀበሉን፤ ምሳ አቀረቡልን፤ ሐሳባቸውን ግን ንቅንቅ አላደረጉም።

«ቲቸር፣ አንቺ ጥሩ ሰው ነሽ» አሉኝ። «ግን ይቺ ልጅ መኪና ከኋላዋ ቢመጣ አትሰማም። አሰበ ተፈሪ ስልካትም ልቤ እየፈራ ነው። በሰው አገር ብትጠፋ ምን ብላ ትጠይቃለች?» ጭሮን በድሮ ስሟ ነው የሚጠሯት።

«ሐጂ፣ እኔ አብሬያት ነኝ። ከዓይኔ አትጠፋም።»

«አውቃለሁ። ግን አይሆንም።»

ልጅቷ ፊታችንን እያየች ሁሉም ገብቷታል። ክንዴን ነካ አድርጋ «የምለውን ንገሪልኝ» አለችኝ። ከዚያ ወደ አባቷ ዞራ እጆቿን አነሳች። ቤታቸው ውስጥ የሚግባቡት በጥቂት ምልክቶች ነበር፤ ብዪ፣ ነዪ፣ ውሃ፣ ተዪ። እንዲህ ያለ ረጅም ንግግር ሐጂ ከልጃቸው አይተው አያውቁም።

«አባቴ» እያልኩ ተከተልኳት። «ቡና ግቢ ውስጥ ሲሰጣ ደመናውን ቀድሞ የሚያየው ማነው? አንተ ወንድሞቼን እስክትጠራ እኔ ሰብስቤ ጨርሻለሁ። መኪና ሲመጣ መሬቱ ይነግረኛል፣ የሰው ፊት ይነግረኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ዙሪያዬን ሳይ ነው ያደግሁት። አልጠፋም።»

ሐጂ እጆቿን እንጂ እኔን አላዩም። እናቷ ከበሩ አጠገብ ሆነው በነጠላቸው ዓይናቸውን ያብሳሉ።

«ይሄን ሁሉ እሷ ነው ያለችው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«አንድም አልጨመርኩም።»

«እስቲ ጠይቂያት። አትፈሪም ወይ በያት።»

ጠየቅኳት። ሳቀች። «እፈራለሁ» አለች። «ግን እሄዳለሁ።»

ሐጂ ከተቀመጡበት ተነስተው እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑና በኦሮምኛ መረቋት። «በይ ሂጂ። አላህ ይጠብቅሽ» አሉ በመጨረሻ፣ እኔም እንድሰማ በአማርኛ። ጭሮ እስክንመለስ ድረስ ሚኒባሱ ውስጥ ፈገግታዋ ከፊቷ አልጠፋም።

ፊንላንድ ገብተን የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ያረፍነው ሐይቅ ዳር ባለ ትምህርት ቤት ነው። አብረውን የመጡት፣ መስማት የሚችሉትና በእንግሊዝኛቸው የሚተማመኑት ሦስቱ ተማሪዎች የመመገቢያ አዳራሹ ጥግ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ያሰቡት ሁሉ አፋቸው ላይ ሲደርስ ይጠፋቸዋል። እሷ ግን ሰሃኗን ይዛ ቆመችና አዳራሹን ቃኘች። ማዶ ሁለት ልጆች በእጃቸው ያወራሉ፤ አንዱ የዚያው አገር ልጅ፣ ሌላዋ የፖላንድ። በቀጥታ ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች።

የምልክት ቋንቋ በየአገሩ ይለያያል። ቢሆንም አንዱ ያንዱን እየጠየቀ፣ እየቀዳ፣ በፊትና በትከሻ እየሞላ፣ ምሳው ሳያልቅ ጠረጴዛቸው በሳቅ ተሞላ። ሦስቱ ልጆች ከጥጋቸው ሆነው ያዩዋታል። ኋላ ላይ መጥታ በእጃቸው እየጎተተች ወሰደቻቸው። ከዚያ ወዲያ ከሰው ጋር የምታስተዋውቃቸው እሷ ሆነች። «ምን አለ? ምን አለች?» እያሉ እሷን ይጠይቃሉ፤ የሚጠይቋትም በምልክት ነው፤ ለካ ሳላውቅ አስተምራቸዋለች!

ትያትሩ ላይ አንድ ሐሳብ አመጣች። ማንም በድምፅ አይናገርም፤ ተመልካቹም ሁሉ እኩል ይረዳዋል። ሁሉም ተቀበሏት። ገበያ ውስጥ ልጇ የጠፋባትን እናት ታሪክ ሠሩ፤ እናቲቱን የተጫወተችው እሷ ናት። ሲያልቅ አዳራሹ በጭብጨባ ፈንታ እጁን ወደ ላይ አንስቶ አወዛወዘ። መስማት የተሳናቸው ሰዎች የሚያጨበጭቡት እንደዚያ ነው። ያ ሁሉ እጅ በአየር ላይ ሲርገበገብ ሳይ ዕንባዬ መጣ።

እንግዶቹ ወደ እኛ የሚመጡበት ጊዜ ሲደርስ፣ ኤጀንሲው ውስጥ አዲስ አበባ ይቀመጡ የሚል ሐሳብ ነበር። የመጀመሪያዋ ባለሙያ ግን «ጭሮ ነው የሚሄዱት» ብላ ተከራከረችልን። መጡም። ሽቅብ ቁልቁል በባጃጅ ዞሩ፤ በየደረሱበት ሰው ከበባቸው። ትያትሩ በከተማው አዳራሽ ሲታይ መቀመጫ ስለጠፋ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሐጂ ከመቻራ ቤተሰባቸውን በሙሉ ጭነው መጥተው የፊት ወንበር ያዙ።

ከመጀመሩ በፊት ሐጂ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ቲቸር፣ ኮራሁብሽ በእጅ እንዴት ይባላል?»

አሳየኋቸው። ጉልበታቸው ላይ ደጋግመው ተለማመዱት።

ትያትሩ አልቆ እጅ ሁሉ አየር ላይ ሲወዛወዝ፣ ሐጂ ከዘራቸውን ለወንድ ልጃቸው ሰጥተው መድረኩ ላይ ወጡ። ልጃቸው ፊት ቆመው፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ በሸካራ ገበሬ እጃቸው ነገሯት። ጣታቸው ትንሽ ተሳስቷል። እሷ ግን ገባት፤ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። አዳራሹ ከዚያ በላይ ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም፤ እልልታው ቀለጠ።

አሁን እሷ የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ናት። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት አንዳንዶቹ ወሬውን ወደየከተማቸው ወሰዱት፤ ከበደሳም ከአሰቦትም ወላጆች መስማት የተሳናቸውን ልጆቻቸውን እየያዙ መጡልን። ዘንድሮ አንዱ ክፍል ስላልበቃን ትምህርት ቤቱ ሌላ ጨመረልን። ባለፈው ሳምንት የመቻራዋ ልጅ ለዕረፍት ስትመጣ ትንንሾቹን አንድ ጠዋት እንድታስተምር ጠየቅኳት። እኔ የኋላ ወንበር ላይ ከልጆቹ መሐል ተቀመጥኩ።