ያላነበበችለት መዝሙር

ፍራሽ ሰፊዋ ማንበብ የተማረችው ካገባች በኋላ ነው። ያስተማራት ባሏ ነበር። ሹፌር ነው፤ ሲነዳ ከመርጋቱ የተነሣ ተሳፋሪው ስሙን ትቶ «ቀስ በል» ይለዋል። በእሱ መኪና ለሠርግ የተሳፈረ ለልጁ ክርስትና ይደርሳል እያሉ ይስቁበት ነበር። ፊደሉንም ያስተማራት እንደዚያው፣ ቀስ ብሎ ነው። እሷም እስከ ዛሬ በጣቷ እየተከተለች፣ ቃሉን እየቆራረሰች ነው የምታነበው። ሰው ፊት አንብቢ ካሏት ላብ ያጠምቃታል። ቤት ውስጥ ግን ከሰዓት በኋላ፣ መርፌዋን ስታስቀምጥ፣ ለእሱና ዓይናቸው ለጠፋው ለአባቱ ለአባባ መጽሐፍ ቅዱስ ታነብላቸው ነበር።

እምነቷ ግን ከመጽሐፉ ይልቅ ከደረቷ ነበር መቼም። ስትጸልይ ደረቷን ሞቅ ካላት እግዚአብሔር ሰማኝ ትላለች። ካልሞቃት ደግሞ ተቀይሞኛል ብላ ስትብሰለሰል ትውላለች።

ባሏ ጉበቱን ታመመ። ሐኪሞቹ ፊታቸውን አዙረው ሲነጋገሩ አየች። ያን ቀን አልጋው ሥር ተንበርክካ ስትጸልይ ደረቷን ሞቃት፤ እንደዚያን ቀን ሞቋት አያውቅም። ተነሥታ ይድናል፣ ልቤ ነግሮኛል አለች። ለጎረቤት አወራች፣ ለአባባም አወራች። ሽማግሌው ምን ይበሉ? የልጅ ነገር ነው፤ አመኗት።

ቀስ በል ግን እንደማይድን ሳያውቀው አልቀረም። አንድ ቀን ትራሱን ተደግፎ፣ ያችን የእረኛውን መዝሙር አንብቢልኝ አላት፤ በሞት ጥላ መካከል ብሄድ የምትለዋን። ደነገጠች።

«የቀብር መዝሙር አላነብልህም» አለችው።

ደግሞ ሌላ ቀን፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አባባንም ጥሪልኝ ሲላት፣ ሊሰናበት መሆኑ ገባትና አፉን በእጇ ከደነችው። ስትነሣ ትነግረኛለህ አለችው። እሱም እንደ ልማዱ አልተጣደፈም። ሳይነግራት ሞተ።

ከዚያ ወዲያ ደረቷ ሰው እንደሌለበት ቤት ቀዘቀዘ። መጽሐፉን ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀለችው። ጥጥ ስትነድፍ፣ ፍራሽ ስትሰፋ ትውላለች። ጽናቱን ይስጥሽ ሲሏት አሜን ትላለች፤ በሆድዋ ግን ማን ነው የሚሰጠው ትላለች። አባባ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ወንበራቸውን ወደ እሷ አዙረው ይቀመጣሉ። አይጠይቋትም፤ እሷም አታነብም።

አንድ ቀን ግን ጠየቋት። «ልጄ፣ ተውሽው እንዴ?»

«ምን አነባለሁ አባባ፤ ዋሸኝ እኮ። ይድናል ብሎኝ ነበር።»

«ማነው ያለሽ?»

«ልቤ።»

«ለእኔም ነግረሽኝ ነበር» አሉ አባባ። «ደስ ስላለኝ፣ የት ተጽፏል ብዬ አልጠየቅሁሽም። ልጄን ሳልሰናበተው የቀረሁት እኔም በደስታዬ ነው።»

ቢረግሟት ይሻላት ነበር።

እስቲ እሱ አንብቢልኝ ያለሽን መዝሙር አምጪና እንስማት አሏት። በርጩማ ላይ ወጥታ መጽሐፉን አወረደች፣ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገች። መዝሙሯን በጆሮዋ ታውቃታለች፤ በጣት ሲሄዱባት ግን ሌላ ነች። የሞት ጥላ ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። አትገባም አይልም። ትድናለህም አይልም፣ እዚያ ጋ። አንተ ከእኔ ጋር ነህና ነው የሚለው። የተሳሳተች መስሏት መልሳ አነበበችው። ሙቀት የሚልም ፈለገች፤ የለም።

ለካ መዝሙሯን ለመንገዱ ፈልጓት ኖሯል። እሷ ነች የከለከለችው።

ደረቷ እስኪሞቅ ጠበቀች። ምንም የለም።

«አባባ፣ ምንም አይሰማኝም» አለች።

«እኔም» አሉ ሽማግሌው። እንባቸው ጢማቸው ውስጥ ይወርዳል። «ከእኔ ጋር ነህ ይላል አይደል? እሱ ይበቃል። ጨርሺያት።»

ቃሉን እየቆራረሰች፣ እሱ እንዳስተማራት ቀስ ብላ፣ ጨረሰችላቸው።