ባፑ የሚባሉት ሽማግሌ

ሲያትል አጠገብ ስካይዌይ የሚባል ሰፈር ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ ህንዳዊ ሽማግሌ ቤት በተንከባካቢነት ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሚስታቸው ሞተዋል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ታኮማ ከተማ ነርስ ናት፤ የምትመጣው እሁድ እሁድ ነው። ስንሠለጥን «በስማቸው ጥሯቸው» ተብለን ስለነበር፣ በመጀመሪያው ቀን መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ገባሁና በስማቸው ጠራኋቸው። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ ሆነ። ምግብ ሳቀርብ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። ገላዎን ልጠብዎት ስላቸው «በኋላ» ይሉኛል፤ በኋላ የሚሉት ግን አይመጣም።

እውነቱን ለመናገር በስም መጥራቱ ለእኔም ከብዶኝ ነበር። አያቴ ባላምባራስ ነበሩ፤ እናቴ የገዛ አባቷን በስማቸው ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ጠዋት ከትውልድ መንደራቸው፣ ከምዕራብ ህንድ፣ አንድ ገበሬ ኮል አደረገ። ስልኩን ያዝኩላቸው። ሰውየው በየመሀሉ «ባፑ፣ ባፑ» ይላል፤ እሳቸውም ፊታቸው ይፈካል። ሲጨርሱ ትርጉሙን ጠየቅኳቸው።

«አባት ማለት ነው» አሉኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኔን እያዩ።

አባታቸው የአሥራ አንድ መንደር ባላባት ነበሩ። ማዕረጋቸው «ታኮር ሳሂብ» ይባላል፤ ከአባት ወደ በኩር ልጅ የሚወርድ ነው። መንግሥት መሬቱን ለገበሬው ሲያከፋፍል እሳቸው ገና ልጅ ነበሩ። ርስቱ ሄደ፤ ሰዉ ግን ባፑ ማለቱን አልተወም።

በማግስቱ ስገባ «ደህና አደሩ፣ ባፑ?» አልኳቸው።

እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «አንቺስ ተይው» አሉ።

«ለምን?»

«በእኛ አገር ባፑ ብሎ የሚመጣ ሰው ዝናብ ሲቀር ከጎተራችን እህል የሚወስድ ነበር። ባፑ ማለት የሚያበላ ማለት ነው። እዚህ ቤት የምታበላው ማን ናት?»

ቁርሳቸውን ፊታቸው አስቀመጥኩ።

«የባላባት ሴት ስትጠራ ከስሟ ኋላ ባ ይጨመራል። እናትም ባ ናት» አሉና ስሜን ቀስ ብለው ጠርተው «ባ» ጨመሩበት። እመቤቴ እንደማለት ነው። ስሜ እንደዚያ ተከብሮ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም፤ ዓይኔ እንባ ሞላ።

«እኔም ባፑ ማለቴን አልተውም» አልኳቸው።

«ኦኬ» አሉ። የዚያን ቀን ገላቸውን ታጠቡ፤ ሾርባውንም ጨርሰው ጠጡ።

ከወራት በኋላ አንድ እሁድ ልጃቸው ስትገባ ስንጠራራ ሰማችንና በሩ ላይ ቆመች። ተወልዳ ያደገችው ሲያትል ነው።

«ባፑ ማነው?»

«አባትሽ ናቸው» አልኳት። የማውቀውን ያህል ነገርኳት።

ወደ እሳቸው ዞረች። «ነግረኸኝ አታውቅም እኮ።»

«ጠይቀሽኝ አታውቂም» አሏት በቀስታ።

ጫማዋን አውልቃ እግራቸው ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። እሳቸውም እጃቸውን ራሷ ላይ አሳርፈው መናገር ጀመሩ። እኔ ልብስ ላጥብ ብዬ ምድር ቤት ወረድኩ። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ አጣጥፌ ስወጣ ወሬያቸው ገና አላለቀም ነበር። ምሳው ቢቀዘቅዝም አልጠራኋቸውም።