ከቲቸር ሙሉጌታ ትከሻ ያወረድኩት ድንጋይ

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ሚስቴ አታውቅም። ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን እየዘረዘርኩ ይቺን ዘልያት ነው የኖርኩት፤ መስቀሉን ስሜ በወጣሁ ቁጥር ዛሬም አመለጥኩ እላለሁ። ከማን ነው የማመልጠው? እናንተ አታውቁኝም፤ ለእናንተ መናገር የቀለለኝም ለዚህ ይመስለኛል። ፈሪ ሰው ለማያውቀው ሰው ይናዘዛል።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርት ቤታችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ያኔ ሒሳቡንም ፊዚክሱንም የሚያስተምረን ፕላዝማ ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ ጥያቄ ይጠይቅና እኛ እስክሪብቶ ሳናነሳ "በጣም ጥሩ!" ብሎ ያልፋል። ሰው የሚያስተምረን ስፖርትን ብቻ ነበር፤ አስተማሪውም ቲቸር ሙሉጌታ። ወጣት፣ ቀጭን፣ ዓመቱን ሙሉ አንዲት ሰማያዊ ቱታ የሚለብሱ ሰው ነበሩ።

አንድ ቀን ፍሪዝቢ የሚሉትን፣ እየተወረወረ የሚያዝ ነጭ ክብ ፕላስቲክ ይዘው ሜዳ ገቡ። እኛ ሳህን ነው ያልነው።

"ቲቸር፣ ወጡስ?" አለ ብሩክ። ብሩክ የጎረቤቴ ልጅ ነው፤ አጥር ለአጥር ሆነን ነው ያደግነው።

ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ በእጃቸው አንጓ ብቻ እንደ ዋዛ ወረወሩት። ሳህኑ ሜዳውን አቋርጦ ሄደና ቀስ ብሎ ብሩክ እጅ ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ የሳቀ አልነበረም፤ ሁሉም "እኔ! እኔ!" ሆነ።

ሕጉን አስተማሩን። ሳህኑን የያዘ አይሮጥም፣ ቆሞ ያቀብላል። መሬት ከነካ ለተቃራኒው ቡድን ይሰጣል። ዳኛ ደግሞ የለም። "ፊሽካዬን ኪሴ ከትቼዋለሁ" አሉን። "ያጠፋ ሰው ራሱ እጁን ያነሳል፣ ጥፋቱ የኔ ነው ይላል። እሱ ያለውን እንቀበላለን።"

"ቢዋሽስ?" አልኳቸው። እኔ ነኝ የጠየቅኩት፤ ከስልሳ ተማሪ መሃል እኔ።

"ከዋሸማ ጨዋታ የለም" አሉ።

ለስልሳ ተማሪ አንድ ሳህን አይበቃም። ስለዚህ የፕላስቲክ ባልዲ ክዳን ያለው እንዲያመጣ ነገሩን፤ ቆርቆሮ ግን ክልክል ነው፣ ጠርዙ ይቆርጣል አሉ። አባቴ ቀለም ቀቢ ስለነበር ቤታችን የቀለም ቆርቆሮ ሞልቶታል። ቆርቆሮ ከፕላስቲክ ከበድ ስለሚል ይበልጥ ሩቅ እንደሚሄድ ጓሯችን ውስጥ ሞክሬ ነበር። በማግስቱ አንዱን ክዳን ይዤ ስገባ ቲቸር ሙሉጌታ ሜዳው ጫፍ ላይ አገኙኝ። ማንም አጠገባችን አልነበረም። ተቀበሉኝ፣ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

"ያሬድ፣ ይሄ እኮ ቢላ ነው። ቦርሳህ ውስጥ ክተተው፣ ወደ ቤትህ ይመለስ" አሉኝ። ከተትኩት።

ወዲያ ማዶ ያለውን ቡድን ሊያሰለጥኑ ዞር ሲሉ አወጣሁት። ለምን? ለምንም! ከሁሉ አርቄ ለመወርወር። "ብሩክ፣ ያዘው!" ብዬ ጮህኩ። ብሩክ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቀና አለ። ፀሐይዋ ፊት ለፊቱ ነበረች። "ዓይናችሁን ከሳህኑ እንዳትነቅሉ" ተብለን ተምረን የለ? አልነቀለም፤ ጎበዝ ተማሪ ነበር። ቆርቆሮው የግራ ዓይኑን መታው።

ስደርስ በጣቶቹ መሃል ደም ይፈሳል። የጠየቀኝን እስከዛሬ እሰማዋለሁ። "ያሬድ፣ ያዝኩት እንዴ?" አለኝ። እንዲህ ነው ያለኝ። ቲቸር ሙሉጌታ እየሮጡ መጥተው አቅፈውት ዳገቱን ወደ ታች፣ ወደ ታክሲ በረሩ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ዓይኑ አልተረፈም።

እስካሁን ያወራሁት የልጅ ጥፋት ነው ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ይሁን። ቀጥሎ ያለውን ስሙ።

ያኔ አንድ ነገር ሲበላሽ ግምገማ ይጠራል። ሰው ይነሳል፣ የሌላውን ድክመት ይዘረዝራል፣ የተገመገመው ግለ ሂስ ያደርጋል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ መምህራኑና የወላጅ ኮሚቴው ተሰብስበው እኔን አስጠሩኝ። ዳይሬክተሩ "ቆርቆሮው እንዴት ሜዳ ገባ? ደብቀህ ከሆነ ከነገ ጀምሮ ተማሪያችን አይደለህም" አሉኝ።

"እኔ አይቼ ከልክዬው ነበር" አሉ ቲቸር ሙሉጌታ።

"ምስክር አለዎት?"

"ምስክሬ እሱ ነው። እሱ ያለውን እቀበላለሁ።"

ይህን ብለው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና ወደ እኔ አዩ። ምን እንደሚጠብቁ ገብቶኛል። እጄን እንዳነሳ ነበር የሚጠብቁት። እጄ ግን ጉልበቴ ላይ ነበር፤ አየሁት፣ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ።

"አይተው ፈቅደውልኛል" አልኩ።

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም! ሃያ ጊዜ የተለማመድኩት ይመስል ነበር። እስከዛሬ የሚያስደነግጠኝ ይህ ነው። ውሸት እንዲህ ይቀላል እንዴ? እሳቸው ጥቂት አዩኝና "እሺ" አሉ። አልተከራከሩም፤ ተቀመጡ። ቃለ ጉባኤው ተፈረመ፣ ከሥራ ተሰናበቱ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ረፋድ ላይ፣ እነብሩክ ቤት ነበርኩ። ብሩክ ዓይኑ በፋሻ ታስሮ ከአልጋው ላይ ነው፤ እኔ ካርታ አጫውተዋለሁ። የውጭው በር ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ። ከኋላቸው ቲቸር ሙሉጌታ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው ገቡና ግቢው መሃል ተንበረከኩ። ቱታቸውን አልለበሱም፤ ነጠላ አጣፍተው ነበር።

"አልሰማም!" አሉ የብሩክ እናት እትዬ አሰለፈች። "የልጄን ዓይን አምጡልኝ!"

ሽማግሌዎቹ ለመኑ፣ እመቤታችንን ጠሩ። እትዬ አሰለፈች አለቀሱ። ቲቸር ሙሉጌታ ቀና ሳይሉ "እኔ እያለሁ ነው የሆነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ። በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ። ማንም ሳያስገድዳቸው፣ እኔ ማለት የነበረብኝን ቃል ነው ተሸክመው የመጡት።

በመጨረሻ እትዬ አሰለፈች "ስለ ማርያም ብዬ ይቅር ብያለሁ" አሉና ዞር ሲሉ እኔን አዩኝ።

"ያሬድ ልጄ፣ አውርድላቸው እስቲ።"

እኔ! ሄድኩ። በሁለት እጄ ድንጋዩን ከትከሻቸው አነሳሁ። በጣም ይከብዳል። ቲቸር ሙሉጌታ ፊታቸው ፊቴ አጠገብ ነበር።

"ቀስ፣ እግርህ ላይ እንዳይወድቅ" አሉኝ።

ያን ጊዜ እንኳ መናገር ይቻል ነበር፤ አልተናገርኩም። ድንጋዩን በሩ ሥር አኖርኩት። ቲቸር ሙሉጌታ አገራቸው ገቡ ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

እነብሩክ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ወደ መሪ ሰፈር ሲሄዱ ድንጋዩ እዚያው በር ሥር ቀርቶ ነበር። ወስጄ ቤቴ አስቀመጥኩት። ሚስቴ ምን ያደርግልሃል ስትለኝ በር ይይዝልናል አልኳት። እስከዛሬም በር ይይዛል። እትዬ አሰለፈች ሳያቸው ሁልጊዜ ያን መምህር ያነሳሉ። "ቆርቆሮ ማስገባቱ ጥፋት ነው፣ ግን ሰው ነበር፣ ጥፋቱን አመነ" ይላሉ። ብሩክ በአንድ ዓይኑ እያየኝ ይሰማል። እኔም "እውነት ነው" እላለሁ።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ፈርቼ ነው አልልም። እነዚህን ሃያ ምናምን ዓመታት ልጅ አልነበርኩም። ይቅርታም አልጠይቃችሁም፤ የእኔ ድርሻ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ አልቋል።

ነገ እሁድ ነው። እትዬ አሰለፈች አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው፣ ሊፍት የለውም። ብሩክም እሁድ እሁድ ቤት ይውላል። ድንጋዩን ከበሩ ሥር አንስቼ ትከሻዬ ላይ ሞከርኩት፤ ያኔ ከከበደኝ ይበልጥ ከበደኝ። የሚያወርድልኝ አልፈልግም።