የጥንዚዛዎቹ ደመራ

የስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ በመሬቱ ላይ የጥንቱን የሣር ሜዳና የኦክ ዛፍ ደን ሊመልስ ሲነሳ፣ እኔ ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ተማሪ ሆኜ እዚያው እለማመድ ነበር። ሥራው ሲነበብ ያምራል፤ ሲሠሩት ግን ኦኮቹን የሚያፍኑትን ጥዶች መቁረጥ፣ የታጨደውን ሣር መጥረግ፣ የወደቀውን እንጨት ደግሞ እንዳለ መተው ነው። በወደቀው እንጨት ውስጥ ጥንዚዛ ይኖራል። ስቶክሆልም ውስጥ ያለ ወረፋ ቤት ያገኘ እሱ ብቻ ነው።

ትቀጥረኝ እንደሆነ የምትወስነው ስዊድናዊት አለቃዬ በመስከረም አጋማሽ ሥራዬን ልታይ ቀን ቆረጠች። ሣሩ ገና አልተጠረገም። የቤተ ክርስቲያናችንን ጡረተኞች ለመንኩ፤ ከከተማው ዳር ሰፈሮች፣ ከአካላና ከቴንስታ መጡ። መሪያቸው የቀድሞ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን።

«ሣሩን ብቻ፣ አባባ። እንጨቱ የጥንዚዛ ቤት ነው፤ እንዳይነኩብኝ» ብዬ አለቃዬን ልቀበል ወደ ባቡር ጣቢያ ሄድኩ።

ስንመለስ ሣሩ ተጠርጓል። የወደቁት ቅርንጫፎች ግን በሙሉ ተነስተው፣ ጫፋቸው ተገጣጥሞ፣ አናታቸው ላይ ቢጫ አበባ ታስሮ ቆመዋል። ሰሞኑ መስቀል ነው። ካነበብኩት መጽሐፍ አንዱም የሀበሻ ጡረተኛና ደረቅ እንጨት ብቻቸውን እንደማይተዉ አያስጠነቅቅም።

«ምንድን ነው ይሄ፣ አባባ?»

«ደመራ ነዋ! በትነሽው ብትሄጂ ሰበሰብንልሽ።»

«የጥንዚዛ ቤት ነው አላልኩዎትም?»

«ታዲያ ፎቅ ሠራንለት! ምን ጎደለበት?»

ከኋላቸው አንዲት እናት ክብሪት ፍለጋ ቦርሳቸውን ይበረብራሉ።

«ይፍረስ» አለች አለቃዬ። «እያንዳንዱ እንጨት፣ አረንጓዴ የለበሰው ጎኑ ወደ ላይ ሆኖ፣ ወደ ቦታው ይመለስ።» በጣም ዝግ ብላ ነው የተናገረችው። ስዊድናዊ የሚጮኸው እንደዚህ ነው።

አባባ ሳይለኮስ የሚፈርስ ደመራ አይተው አያውቁም። «ለእንጀራሽ ከሆነማ…» ብለው መሐል የቆመውን ግንድ ለቀቁት። ተንገዳገደና አለቃዬ እግር ሥር ተጋደመ፤ ዘላ ሸሸች። ጡረተኞቹ አንገታቸውን አስግገው የወደቀበትን አዩ። ደመራ በወደቀበት አቅጣጫ የዓመቱ ዕድል ይነበባል።

«ወደ እሷ ወደቀ» አሉ አባባ። «በቃ፣ ቀጥራሻለች።»

«ምን አሉ?» አለችኝ አለቃዬ።

«ይቅርታ እየጠየቁ ነው» ብዬ ተረጎምኩ።

ከዚያ ሁላችንም ተንበርክከን እንጨት ስናስተኛ ዋልን። «ይሄ በግራ ጎኑ ነበር»፣ «ኧረ በጀርባው ነው፣ አይኔ እያየ!» እየተባለ። እሷም ተንበረከከች። በመጨረሻ ጉልበቷን እያራገፈች ተነሳችና፣

«በረዶው ቀልጦ ሜዳውን ስንጠርግ እነዚህን ሰዎች አምጪያቸው» አለች። «መሪያቸውን ግን ለብቻቸው ትተሻቸው ንቅንቅ አትይም።»