የጥሩሸዋ እጢና የጓሳው ጠባቂዎች

ጥሩሸዋ ቀየት በምትባል ደጋ አገር የታወቀች፣ ባና ለሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ የበግ ጠጉር ፈታይ ነበረች፤ እንዝርቷ ሲሾር አፏም አያርፍም። ጣልያን በገባ በማግሥቱ ዓመት ጉንጯ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል እጢ ወጣች፤ ውላ አድራ የዶሮ እንቁላል አከለች። በጣልያኖቹ ምሽግ ሐኪም አለ ቢባልም፣ በዚያ በር የገባ ስለ አርበኞች ሳይጠየቅ አይወጣም። ስለዚህ ወጌሻው አበጀ ቆርጠው ሊያወጡላት ቀን ቀጠሩ። እጢዋ ሥር ሰዳለችና፣ ትተርፊያለሽ ለማለት ግን አልደፈሩም።

ቀኑ ሲደርስ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ አበጠ፤ ብርቱ ትኩሳትም ጣላት። አበጀ አዩአትና ቢላዋቸውን ወደ አፎቱ መለሱ።

«ትኩሳት ያለበት ገላ አይቆረጥም። ይለፍላት።»

«እንግዲያው መምጣትዎ ከንቱ እንዳይቀር፣ አባቴ፣ ጎመኑን ይክተፉልን» አለች ከባናው ሥር።

ትኩሳቱ ለቀቃት። የፊቷ እብጠት ሲጎድል ግን እጢዋም ትለሰልስ፣ ታንስ ጀመር። ጥሩሸዋ ለማመን ፈራች።

«ወሰኔ፣ እስቲ አንተ ዳስሰኝ። የኔ ጣት ያደላልኛል።»

ባሏ ወሰኔ የጓሳ፣ የአገሩ የጋራ ሣር ሜዳ፣ ጠባቂ ነበር። ዳሰሳትና ሳቀ። «ይህማ የዘንድሮው የጓሳ ነገር ነው! ሣሩ እንዲያድግ ጓሳው በተዘጋበት ወራት፣ ባለበጎቹ ጠባቂዎቹን በጠላ አባብለው በጎቻቸውን አላስገቡም? ኋላ እሳት ተነሣ ሲባል አገሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ለእሳቱ የወጣው ሰው በጎቹንም አገኘና አባረረ። አንቺም ውስጥ እንዲሁ ሆኗል።»

«ጠላውን ከጠጡት አንዱ አንተ ነህ እንዴ?»

«ኧረ እኔስ ቀምሼ ብቻ ነው!»

ወሰኔ ለቀልድ ያለው ከእውነቱ አልራቀም። ዛሬ መጻሕፍት እንደሚነግሩን፣ በደማችን ዘብ የሚቆሙ ሕዋሳት አሉ። እንደ ጥሩሸዋ እጢ ያለው ካንሰር ገሚሶቹን ያደነዝዛል፤ ሌሎቹን ደግሞ አባብሎ ለራሱ ማደጊያ ያሠራቸዋል። ዘቦቹም የሚያዩትን የካንሰር ሕዋስ ሲገድሉ፣ መደበቅ የሚችለው ይተርፍና ይራባል። አልፎ አልፎ ግን ሌላ ሕመም ዘቦቹን ቀስቅሶ እጢው ሲጠፋ ታይቷል። ጥቂቶች ብቻ የሚያገኙት ምሕረት ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለጥሩሸዋ ደረሳት።

ለፋሲካ አበጀ መጥተው ጉንጯን ግራና ቀኝ ዳሰሱ።

«የቱ ነበር?» አሉ ግራ ገብቷቸው።

«እርስዎ ካጡት እኔም አልነግርዎትም!» አለችና፣ የፍስኩን ሥጋ በሁለቱም ጉንጯ እያኘከች ሳቀች።